አንድ ስም፣ ብዙ ትከሻ
የወላስማ መጠሪያ በይፋት ቆላ እና የጭምብል ውርስ ነገር

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ደብረ ሲናን ያለፈ መንገደኛ የደጋውን ብርድ በየመታጠፊያው እየጣለ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጋቢው ሸክም ሆኖበታል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች የቆላ ከተማ፣ ማሾውና ሽንኩርቱ፣ ጤፉና ማሽላው የሚወጣባት፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት የይፋት በር ናት። ከበላይዋ ባለው ተዳፋት ላይ፣ በቁጥቋጦና በድንጋይ ክምር መካከል፣ የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ ይገኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህች ከተማ የአንድ የተማሪዎች የቴአትር ክበብን ልምምድ ለማየት ተጋብዤ ነበር። ልጆቹ የሚሠሩት ጨዋታ ራሳቸው የጻፉት ነው። ፊቱን በጭምብል የሸፈነ ሰው ሌት እየወጣ ድሀን የበደሉትን ይቀጣል። በሁለተኛው ገቢር ይሞታል፤ በሦስተኛው ገቢር ጓደኛው ያንኑ ጭምብል አጥልቆ ይነሣል። ልምምዱ ሲያበቃ ጭምብሉን በእጁ የያዘው ልጅ ወደ እኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ጭምብሉን ሌላ ሰው ሲያጠልቀው ያው ሰውዬ ነው ወይስ ሌላ?» ሲል ጠየቀኝ። «ሌላ ነዋ!» ብዬ በችኮላ መለስኩለት። ታሪኩን ከየት እንዳገኙት ስጠይቅ ደግሞ ከባሕር ማዶ የኮሚክ መጻሕፍትና ፊልሞች መሆኑን ነገሩኝ። «እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ነው» አለ አንደኛው፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል።

ልጁ ይህን ሲናገር የቆመው በወላስማ አገር ላይ ነበር። አንድ ስም ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተሸጋገረ ስድስት መቶ ዓመት ያህል በተጓዘበት ምድር ላይ ቆሞ ምንም የለንም ማለቱ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ያልነገርነው የእኛ ነው። በችኮላ የሰጠሁት መልስም ትክክል እንዳልነበረ የገባኝ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ የቀረብኝ ዕዳ ነው።

የጭምብሉ ባለርስት

አስቀድመን ጥያቄው የመጣበትን ስፍራ እንመልከት። ኮሚክ ተከታታይ ሥዕልን ከአጭር ንግግር ጋር አዋሕዶ ታሪክ የሚተርክ የኅትመት ዓይነት ሲሆን፣ በአሜሪካ በተለይ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተስፋፍቷል። ከጀግኖቹ መካከል አያሌዎቹ ንጉሥ ሳይሾማቸው፣ ዳኛ ሳይልካቸው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ወንጀለኛን የሚቀጡ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የጭምብልን ውርስ የታሪኩ ምሰሶ ያደረገው ቀደምት ሥራ ሊ ፎክ የተባለው አሜሪካዊ ደራሲ የፈጠረው «ፋንቶም» ነው። በልብ ወለዱ መሠረት በ1536 (እ.ኤ.አ.) አባቱን የባሕር ወንበዴዎች የገደሉበት አንድ ወጣት በአባቱ ገዳይ የራስ ቅል ላይ ይምላል፤ እሱና ዘሩ ሁሉ ግፈኛን ሊዋጉ። ከዚያ ወዲህ አባት ሲሞት ልጅ ያንኑ ልብስና ያንኑ ጭምብል ይለብሳል። ሃያ አንድ ትውልድ ያልፋል። የጫካው ነዋሪዎች ግን አንድ የማይሞት ሰው ያዩ ይመስላቸዋል።

ሐሳቡ ማራኪ ነው። ነገር ግን ይህ ታሪክ በጋዜጣ መታተም የጀመረበትን ቀን ልብ እንበል፤ የካቲት 9 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሳምንት በራስ ሙሉጌታ የሚመራው የኢትዮጵያ ጦር አምባ አራዶም ላይ በፋሺስት አውሮፕላን እየተደበደበ ይዋጋ ነበር። የምዕራቡ አንባቢ በጋዜጣው በአንዱ ገጽ ጥቁር ሕዝብ አገሩን ለማዳን ሲወድቅ፣ በሌላው ገጽ ደግሞ ስማቸው በማይታወቅ የጫካ ሰዎች መካከል አንድ ነጭ ቤተሰብ በልጅ በልጅ ልጅ ጠባቂ ሆኖ ሲኖር ያይ ነበር። በፋንቶም ዘንድ ጭምብሉ የሚወረሰው በደም ነው። የሚጠበቀው ሕዝብ ጭምብሉን አይወርስም፤ ከጭምብሉ በስተጀርባ ስንት ሰው እንደሞተም አይነገረውም። ጥበቃው በእውቀት መነፈግ ላይ የቆመ ነው።

ሌላው ምሳሌ የባትማን ረዳት የሆነው «ሮቢን» ነው። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ዲክ ግሬይሰን የተባለው ገጸ ባሕርይ በዚህ ስም ወጣ። በኋላ እሱ አድጎ ስሙን ሲተው በ1980ዎቹ ጄሰን ቶድ ወረሰው። አዲሱን ባለስም ብዙዎች ስላልወደዱት አሳታሚው በ1988 ይሙት ወይስ ይኑር ብሎ አንባቢውን በስልክ ድምፅ አሰጠ። 5,343 ድምፅ ለሞቱ፣ 5,271 ድምፅ ለሕይወቱ ተሰጠ፤ ልጁ በ72 ድምፅ ብልጫ ሞተ። ወዲያው ቲም ድሬክ የተባለ ሦስተኛ ገጸ ባሕርይ ያንኑ ልብስ ለበሰ። እዚህ ደግሞ ጭምብሉ የሚወረሰው በገበያ ነው። ለባሹ ይለዋወጣል፤ ልብሱ የአሳታሚው ንብረት ሆኖ ይኖራል።

ደምና ገበያ፤ ሦስተኛ መንገድስ የለምን? ወደ ይፋት እንመለስ።

ከሰው ስም ወደ ማዕረግ

በአሥራ ሦስተኛው ምዕተ ዓመት በይፋት ዑመር ወላስማ የሚባል ገዢ ተነሣ። በ1285 (እ.ኤ.አ.) የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት ይገዛው የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት አፍርሶ ግዛቱን ወደ ራሱ አጠቃለለ። ይህንን ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር ካሳተመው አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል እንረዳለን። ከዑመር በኋላ «ወላስማ» የአንድ ሰው ስም መሆኑ ቀረ፤ የቤቱ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ቤቱ የቆመው ከዘይላ ወደብ ወደ መካከለኛው ደጋ በሚወጣው የንግድ መንገድ ላይ ነበር። በዚያ መንገድ ጨርቅና ሸቀጥ ይገባል፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና በግፍ የተያዘ ባሪያ ይወጣል። በአሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው አል ዑመሪ ይፋትን ከሰባቱ የሐበሻ እስላማዊ መንግሥታት መካከል ቆጥሯታል።

ስሙ የመጀመሪያውን ከባድ ፈተና ያገኘው በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ነው። ሰብረዲን የተባለው ወላስማ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሣ። የዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል እንደሚያወሳው፣ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ የራሱ መናገሻ አድርጎ ጫት ሊተክልባት ዝቶ ነበር። ድሉ ግን ለዐምደ ጽዮን ሆነ። ንጉሡም ሰብረዲንን አስሮ በምትኩ የሾመው ባዕድ ሰው አልነበረም፤ ወንድሙን ጀማለዲንን ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ያመፀውም ወላስማ ነው፤ የተሾመውም ወላስማ ነው። ስሙ አንድ፣ ደሙ አንድ፣ ግብሩ ግን ሁለት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ በሁለት ጎዳና ሄደ። በዚያው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሐቀዲን ከንጉሡ ወገን ከቆሙት ዘመዶቹ ጋር ተዋግቶ የቤቱን ማዕከል ከይፋት አርቆ ወደ ምሥራቅ ወሰደው። ተከታዩ ሰዓደዲን በንጉሡ ጦር እየተሳደደ ዘይላ አጠገብ ወደቀ፤ ልጆቹም ወደ የመን ተሰደዱ። ተመልሰው ያቋቋሙት መንግሥት በታሪክ አዳል ተብሎ ይታወቃል። ግብጻዊው የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ ይህንን የቤተሰብ ገድልና መከራ በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት ጽፎልናል።

እነሆ፣ ሊ ፎክ ለልብ ወለዱ የመረጠው 1536 ሲደርስ የእውነተኛው ወላስማ ዕጣ ምን ነበር? የሚዋጋው፣ የሚያዘምተው፣ የሚያዘው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ነው። ዙፋኑ ላይ ግን ዑመር ዲን የተባለ ወላስማ ተቀምጧል። ኢማሙ ሥልጣኑን በእጁ ይዞ ሳለ ስሙን ለምን አልሻረውም? ሕዝቡ የሚያውቀው፣ የሚቀበለውና የሚያከብረው ስም ወላስማ ስለነበረ ነው። ሰይፉ የሌላ፣ ስሙ የሌላ ሆነ። ጭምብል ያለ ፊት ሊኖር እንደሚችል ይህ ያሳየናል።

ሦስት መቶ ዓመት እንለፍ። ሚስዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፍ በ1839 (እ.ኤ.አ.)፣ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በ1841 ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው ወደ ሸዋ ሲደርሱ፣ በይፋት ደጃፍ የተቀበላቸው ባለሥልጣን ማን ነበር? ወላስማ መሐመድ! ጥንታዊው ስም አሁንም በሕይወት አለ። ነገር ግን ሱልጣን አይደለም፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የይፋት ገዢ ነው። የፋሪ ኬላ፣ የዓሊዩ አምባ ገበያና ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ቁልፍ በእጁ ነው። ሌላም ቁልፍ በእጁ ነበር፤ የጎንቾ ቁልፍ። ጎንቾ የወላስማ መኖሪያ የሆነ አምባ ሲሆን፣ የሸዋ ንጉሥ በዙፋኑ ይፎካከሩኛል የሚላቸው ወንድሞቹና ዘመዶቹ በሰንሰለት የሚቆዩበት እስር ቤት ነበር። ሃሪስ በመጽሐፉ እሱ ሸዋ ሳለ እስረኞቹ መሳፍንት መፈታታቸውን ተርኳል።

ነገሥታትን ያስጨነቀው ስም በመጨረሻ የንጉሥ ወህኒ ጠባቂ ስም ሆነ። ይህ የታሪክ ምጸት ነው፤ ሆኖም በምጸቱ ብቻ መርካት የለብንም። የሸዋ ነገሥታት የራሳቸውን ደገኛ ሰው በይፋት መሾም ሲችሉ ይህንን ስም በስፍራው ያቆዩት፣ ቆላው ያለዚህ ስም በወጉ እንደማይተዳደር ስላወቁ ነው። ለአርጎባው ነጋዴና ለይፋት ገበሬ ወላስማ ከራሱ ሃይማኖትና ከራሱ አፈር የወጣ ሹም ነበር። በክርስቲያኑ ንጉሥና በእስላሙ ቆለኛ መካከል የቆመ ድልድይ ነበር። ድልድይ ደግሞ ከሁለቱም ወገን ይረገጣል። የአንድ ስም ዕድሜ መርዘም ብቻውን ክብር አይደለም፤ ውርደትም አይደለም። በእያንዳንዱ ዘመን ያንን ስም የተሸከመው ሰው ለማን ሠራበት? ተብሎ ይጠየቃል እንጂ።

ፊቱን የሸፈነው ያዕቆብ

ወላስማ ፊቱን አልሸፈነም። ፊቱን ሸፍኖ የሌላውን ሰው ስም የወሰደ ሰው በአገራችን ታሪክ የለም ወይ ቢሉ ግን አለ። በመጋቢት 1607 (እ.ኤ.አ.) ዐፄ ያዕቆብ ጎጃም ውስጥ ጎል በተባለ ስፍራ ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጋ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ በሰሜን፣ በደብረ ቢዘን ገዳም፣ «ያዕቆብ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም» የሚል ሰው ተነሣ። የፊቱን የታችኛውን ክፍል በጨርቅ ሸፍኖ ነበር። ምክንያቱን ሲጠይቁት በጦርነቱ ጥርሱና መንጋጋው ክፉኛ ስለቆሰለ መሆኑን ይናገራል። አያሌ ሰው ተከተለው። ሱስንዮስም ሰውየውን ለመያዝ ብዙ ደከመ። በመጨረሻ ተገድሎ ፊቱ ሲገለጥ ቁስል ነበረበት በተባለው ስፍራ ጠባሳ አልተገኘም።

ይህንን ሰው አታላይ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ አታላይም ነበር። ነገር ግን ጨርቁ ብቻውን ያን ያህል ሰው አያስከትልም። ተከታዮቹ ከጨርቁ ጀርባ ያዩት የራሳቸውን ቅሬታ ነው፤ የወደቀው ንጉሥ ተመልሶ ቢነሣ አዲሱ አገዛዝ ያደረሰባቸው ሁሉ ይቃናል ብለው ያሰቡትን ተስፋ ነው። ሕዝብ ቅሬታው ሰሚ ሲያጣ የሞተን ሰው ስም ከመቃብር ያወጣል። ሰውየው ግን ከሟቹ የወሰደው ስሙን ብቻ ነበር። የያዕቆብን መብት ጠየቀበት እንጂ ለተከታዮቹ የሚከፍለውን ዕዳ አልተሸከመም። ጨርቁ ሲወድቅ አብሮ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ካሣ እና የተስፋው ስም

ስምን ከነዕዳው የተሸከመ ሰው ስንፈልግ ወደ ቋራ እንሄዳለን። ካሣ ኃይሉ በወጣትነቱ የቆላ ሽፍታ ነበር። ከሀብታም ዘርፎ ለድሀ ገበሬ ያካፍል፣ ሞፈርና ቀንበር የሚገዛበትን ገንዘብ ይሰጥ እንደነበር ይነገርለታል። በኮሚክ ቋንቋ ብንናገር ማንም ሳይሾመው ፍርድ የሚሰጥ ጀግና ማለት ነው። ይህ ሰው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ ካሣ ተብሎ አልነገሠም፤ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ስሙ ከእሱ በፊት ነበር። በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ብቻ የነገሠ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። ከዚያም በላይ «ፍካሬ ኢየሱስ» በተባለው መጽሐፍ፣ ከረሀብና ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ በጽድቅና በሰላም እንደሚገዛ የሚናገር ትንቢት አለ። ሕዝቡ በመሳፍንት ጦርነት በተቃጠለበት ዘመን ይህ ስም ያለ ባለቤት በየአፉ ይዞር ነበር። ካሣ ባዶውን ዙፋን ብቻ አልያዘም፤ ባዶውን ስም ያዘ። እዚህ ላይ ስሙን የሰፋው ደምም ገበያም አይደለም፤ የሕዝብ ምኞት ነው። ሦስተኛው መንገድ ይህ ነው።

ሕዝብ የሰፋው ልብስ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ካሣ የቴዎድሮስን ስም ሲለብስ የተስፋውን ልክ ለበሰ፤ በዚያም ልክ ተመዘነ። በዘመቻ የተዘረፈው ገበሬና እጁን የተቆረጠው ምርኮኛ «ትንቢቱ እንዲህ ነበርን?» ብለው ጠየቁ። ከነገሠ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሸዋ ዘምቶ ወጣቱን ምኒልክን ይዞት ሲሄድ፣ የሸዋ ሰው ያየው የተስፋውን ንጉሥ ሳይሆን ድል አድራጊውን ባላጋራ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሞተው ካሣ ነው ወይስ ቴዎድሮስ? ካሣ ሞተ፤ አገሩን አንድ የማድረጉ ሕልም ግን በዚያ ስም ተጠርቶ ከአፋፉ አልተጣለም። ሰውየው ከስሙ ጎደለ፤ ስሙም ከሰውየው አንድ ነገር ጨምሮ ቀጠለ። ዛሬ ቴዎድሮስ ስንል የምናስበው የመጽሐፉን ትንቢት ብቻ አይደለም፤ ጋፋትን፣ ሴባስቶፖልንና መቅደላን ጭምር ነው።

ፈረስ፣ ራስ፣ ሻለቃ

ከዚህ ዘመን ወዲህም ስም መሻገሩን አልተወም። የራስ መኮንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበር። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦር ስትልክ ሻለቃው «ቃኘው» ተባለ። የመጀመሪያው ሻለቃ ሲመለስ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ሲመለስ ሦስተኛው በዚያው ስም ተተካ። ፈረሱ ዐድዋን ያየ ነው፤ ወታደሮቹ ከዐድዋ በኋላ የተወለዱ ገበሬ ልጆች ናቸው። ራሱ የመሳፍንት ወገን ነው፤ እነሱ አይደሉም። ስሙ ግን ትናንት በአንድ ባላባት ኮርቻ ላይ የነበረ ሲሆን ዛሬ በሺህ ተራ ሰው ደረት ላይ ሆነ። አንዱ ጠመንጃውን አስረክቦ ሲሄድ ሌላው የሚረከበው የጦር መሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ ቀዳሚው ያላሳፈረውን ስም ነው።

እርግጥ ነው፣ ስም ሲወርስ የሚያጠፋው ነገርም አለ። ጢያ ላይ የቆሙትን ሰይፍ የተቀረጸባቸው ሐውልቶች ሕዝቡ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ድንጋዮቹን የጠረቡትና ያቆሙት ግን ከኢማም አሕመድ ዘመን በፊት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ታላቅ ስም እንደ ታላቅ ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ፀሐይ ይነሳዋል። ስለዚህ የአንድ ስም ታሪክ ሲጻፍ ስሙን ማወደስ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ በስሙ ጥላ ሥር የጠፉትን አንድ በአንድ እየጠሩ ማውጣት ነው።

ለልጁ የሚገባው መልስ

ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፈረንሳውያን የሥነ ቁፋሮ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በይፋት ተዳፋት ላይ ያሉትን የፈረሱ ከተሞች አጥንተዋል። ኖራ፣ አስበሪና መሳል ከእነዚህ መካከል ናቸው። የመስጊዶቻቸው የድንጋይ ግድግዳ ዛሬም በከፊል ቆሞ ይታያል። የወላስማ ቤት ሰዎች የተቀበሩበት ስፍራም ተገኝቷል። በመቃብር ድንጋዮቹ ላይ በዐረብኛ የተቀረጸው ጽሑፍ የሟቹን የራሱን ስም ከነአባቶቹ ይጠራል። በሕይወት ሳሉ ሁሉም በአንድ ስም ይጠሩ ነበር፤ በመቃብር ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ተጠራ።

የልጁን ጥያቄ እነዚህ ድንጋዮች ከእኔ አሳምረው መልሰውታል። ጭምብሉን ሌላ ሰው ሲያጠልቀው ያው ሰው ነው ወይስ ሌላ? ሰውየው ሌላ ነው፤ ዕዳው ግን ያው ነው። ስም ይወረሳል፤ ግብር ግን አይወረስም። ጀማለዲን ከሰብረዲን፣ ዑመር ዲን ከሰዓደዲን፣ ወላስማ መሐመድ ከዑመር ወላስማ የተረከቡት አንድ መጠሪያ ነው። ሥራቸውን ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው እጅ ሠሩት፤ ፍርዳቸውንም በየራሳቸው መቃብር ተቀበሉት።

ይህንን ለመምህሩና ለኪነ ጥበብ ሰው የምናገረው በምክንያት ነው። የሸዋ ሮቢት ልጆች ከባሕር ማዶ የመጣ ጭምብል ማጥለቃቸው አያስነቅፍም። ጨዋታቸው ጥሩ ነበር፤ ጥያቄያቸው ደግሞ ከጨዋታቸውም የተሻለ ነበር። የሚያስነቅፈው እኛ ከከተማቸው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ያለውን ታሪክ በሚማሩበት መጽሐፍ፣ በሚያዩት መድረክና በሚስሉት ሥዕል ሳናደርስላቸው መቅረታችን ነው። ወላስማ በመድረክ ላይ ይቁም። አንድ ካባ ይሁን፣ የሚለብሱት ግን አምስት ተዋንያን ይሁኑ፤ ያመፀው፣ የተሾመው፣ የተሰደደው፣ ስሙ ብቻ የቀረለትና የጎንቾን ቁልፍ የያዘው። ካባው ከአንዱ ትከሻ ወርዶ በሌላው ላይ ሲወጣ ተመልካቹ ልብሱን ሳይሆን እጆቻቸውን ይመልከት።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ይህንን ይዤ እሄዳለሁ። ልጁ አድጎ ከክበቡ ወጥቶ ይሆናል። ጭምብሉን ግን ለሌላ ሳይሰጥ እንዳልሄደ አምናለሁ፤ የተረከበውም ያንኑ ጥያቄ ሳይጠይቀኝ አይቀርም።